የሚያብረቀርቅ ድስት ለምን ይዘገያል? የኢንፍራሬድ ጋዝ ምድጃና የድስት ቂጥ ነገር

አዲስ ጋዝ ምድጃ ተገዛ እንበል። ሰማያዊ ነበልባል የለውም። እንደ ፍም የሚቀላ የሴራሚክ ፊት ነው ያለው። ሻጩ «ጋዝ ይቆጥባል፣ ቶሎ ያፈላል» ብሏል። ለምርቃቱ መስታወት የመሰለ አዲስ የአሉሚኒየም ድስት ተጣደበት። ውሃው ግን አልፈላ አለ። ጎረቤትም ያንኑ ምድጃ ገዝቷል፤ እሱ ግን አመስግኖ አይጠግብም። የእሱ ድስት አሮጌ ነው፣ ቂጡም የጠቆረ።

እንዲህ ሲሆን ሰው መጀመሪያ ምድጃውን ይጠረጥራል። ቀጥሎ ጋዙን። ድስቱን የሚጠረጥር ብዙም የለም። በዚህ ዓይነት ምድጃ ላይ ግን ድስቱም የምድጃው አካል ነው ማለት ይቻላል። ለምን እንደሆነ ከሥሩ እንየው።

ይህ ምድጃ ከለመድነው በምን ይለያል?

በለመድነው ምድጃ ጋዙ በትንንሽ ቀዳዳዎች ወጥቶ ክፍት አየር ላይ ይነዳል። ነበልባሉ የድስቱን ቂጥ ይልሳል። ትኩሱ ጋዝ ቂጡን እየዳሰሰ ያልፍና በጎን በኩል ሽቅብ ይወጣል። ሙቀቱን የሚያቀብለው በዋናነት በመዳሰስ ነው።

ኢንፍራሬድ ምድጃ ላይ ጋዙና አየሩ አስቀድመው ይደባለቃሉ። ከዚያ እንደ ወንፊት በተበሳሳ የሴራሚክ ገበታ ውስጥ ያልፋሉ። የቀዳዳዎቹ ስፋት ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በሴራሚኩ ፈንታ ከብረት ሽቦ የተሠራ ወንፊት ያላቸውም አሉ። እሳቱ የሚነደው ከድስቱ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ሳይሆን እዚያው የገበታው ቆዳ ላይ ነው። ስለዚህ ገበታው ራሱ ይግላል። ከ800 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይደርሳል። መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ወደ ብርቱካንማ ይሄዳል።

ቀዳዳዎቹ የጠበቡት ለጌጥ አይደለም። ነበልባል በጠባብ ቀዳዳ ወደ ኋላ መመለስ ያቅተዋል። የቀዳዳው ግድግዳ ሙቀቱን ነጥቆ ያጠፋዋል። ሃምፍሪ ዴቪ በ1815 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለማዕድን ቆፋሪዎች የሠራው ፋኖስም በዚሁ ብልሃት ነበር የሚሠራው። መብራቱን በሽቦ ወንፊት ከበበው፤ እሳቱ ጉድጓዱ ውስጥ ወዳለው ጋዝ መዝለል አቃተው።

ወደ ምድጃችን እንመለስ። ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የጋለው ሴራሚክ ድስቱን ሳይነካው ያሞቀዋል። ሙቀቱን በጨረር ይረጫል።

ጨረር ስንል ምን ማለታችን ነው?

ፍም አጠገብ የተቀመጠ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ፍሙ ነበልባል የለውም። የሞቀው አየርም ሽቅብ እንጂ ወደ እርስዎ አይነፍስም። ፊትዎ ግን ይለበለባል። ወላፈን የምንለው እሱን ነው። አሁን ፊትዎን በካርቶን ይጋርዱት። ለብለብታው ወዲያው ይቆማል። አየር ቢሆን ኖሮ ካርቶኑን ዞሮ ይመጣ ነበር። ወላፈን ግን እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይጓዛል፤ ከጋረዱትም ጥላ ይኖረዋል።

ብርሃን ነው ቢባልም ስህተት አይደለም፤ ልዩነቱ ዓይናችን የማያየው ብርሃን መሆኑ ነው። ዊልያም ሄርሼል የተባለው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በየቀለሙ ዘርግቶ ቴርሞሜትር አኖረበት። ከቀዩ አለፍ ብሎ፣ ምንም ቀለም በማይታይበት ቦታ ላይ፣ ቴርሞሜትሩ ጭራሽ ከፍ አለ። ኢንፍራሬድ የሚለው ስም «ከቀይ በታች» ማለት ነው። በአማርኛ ታህተ ቀይ የሚሉትም አሉ።

ሁለት ቁጥሮችን እዚህ ላይ እንያዝ። የምናየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ነው። (1 ማይክሮሜትር የ1 ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው።) 900 ዲግሪ የጋለ ነገር ደግሞ በብዛት የሚረጨው 2.5 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። እና በዓይናችን የምናየው ቅላት ከጠቅላላው ጨረር ከአሥር ሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ቅላቱ ምድጃው መጋሉን ይነግረናል እንጂ ውሃ የሚያፈላው እሱ አይደለም። የሚያፈላው የማይታየው ነው። ይህ ነገር ኋላ ስለ ቀለም ስናወራ ይመለሳል።

ጨረር ሌላም ጠባይ አለው። ሙቀት ትንሽ ሲጨምር እሱ በብዙ ይጨምራል። ጆሴፍ ስቴፋን በ1879 እንዳገኘው፣ ከፍጹም ዜሮ (ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ገደማ) ተነስቶ የሚለካው ሙቀት እጥፍ ሲሆን ጨረሩ 16 እጥፍ ይሆናል። በእኛ ምድጃ ቋንቋ ሲመነዘር፣ ሴራሚኩ ከ600 ወደ 900 ዲግሪ ሲወጣ ጨረሩ ከ3 እጥፍ በላይ ያድጋል። ደብዘዝ ብሎ የቀላ ምድጃና ደማቅ ብርቱካንማ የሆነ ምድጃ ሥራቸው የሚራራቀው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ግር የሚል ነገር አለ። ሰማያዊው ነበልባል ከቀላው ሴራሚክ በጣም ይሞቃል፤ እስከ 1,900 ዲግሪ ገደማ ሊደርስ ይችላል። ታዲያ ለምን አብልጦ አይረጭም? ጋዝ ስለሆነ ነው። ንጹሕ ነበልባል ብርሃን እንደሚያሳልፍ ሁሉ በጨረር መርጨትም ሰነፍ ነው። ጠጣሩ ሴራሚክ በሙቀት ቢያንስም በመርጨት ይበልጠዋል። እንዲያም ሆኖ የኢንፍራሬድ ምድጃ ጉልበት ሁሉ በጨረር ይወጣል ማለት አይደለም። እንደ ምድጃው ዓይነት ከጋዙ ጉልበት በጨረር የሚወጣው ከ20 እስከ 40 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው እንደ ድሮው ትኩስ ጋዝ ሆኖ ይወጣል።

ጨረሩ ድስቱ ጋ ሲደርስ ምን ይሆናል?

ብረት ጨረር አያሳልፍም። ስለዚህ ያለው ዕድል ሁለት ብቻ ነው። ወይ ይዋጣል፣ ወይ ይመለሳል። የተዋጠው ሙቀት ይሆናል። የተመለሰው ለድስቱ እንዳልመጣ ይቆጠራል።

ምን ያህሉ እንደሚዋጥ የሚነግረን ቁጥር ኢሚሲቪቲ ይባላል። ከ0 እስከ 1 ይለካል። ቃሉ በቀጥታ የሚናገረው አንድ የጋለ ፊት ምን ያህል እንደሚረጭ ነው። ጉስታቭ ኪርሆፍ ግን በ1859 አንድ ነገር አሳየ። በአንድ የሞገድ ርዝመት ጎበዝ ረጪ የሆነ ነገር በዚያው ርዝመት ጎበዝ ዋጭም ነው። አንዱ ቁጥር ለሁለቱም ያገለግላል። ስለዚህ እዚህ «የመዋጥ ልክ» እያልን እንቀጥል።

የተወለወለ መዳብ የመዋጥ ልኩ 0.05 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ከመቶ ጨረር 95ቱን ይመልሳል ማለት ነው። የተወለወለ አሉሚኒየም ከ0.1 አይበልጥም። ስቴንለስ ስቲል እንደ አወላወሉ ከ0.1 እስከ 0.3 ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ዝላይ አለ። በሙቀት ብዛት የጠቆረ ብረት፣ ወይም በዘይት ታሽቶ የጠቆረ ከባድ የካስት አይረን መጥበሻ፣ ከ0.7 እስከ 0.9 ይውጣል። ጥቀርሻ 0.95 ይደርሳል።

ይህ ልዩነት ከታወቀ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጆን ሌስሊ የተባለ የስኮትላንድ ሊቅ በ1804 የብረት ሣጥን ሠርቶ የፈላ ውሃ ሞላበት። አንዱን ጎን ወለወለው። ሌላውን በጥቀርሻ አጠቆረው። ውሃው ያው ውሃ ነው፣ ብረቱም ያው ብረት። ከጠቆረው ጎን የሚወጣው ጨረር ግን ከተወለወለው እጅግ ይበልጥ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ቆዳው ብቻ ነው።

ሻካራነትም የራሱ ድርሻ አለው። ጭረት ውስጥ የገባ ጨረር ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይላተማል። በተላተመ ቁጥር ከላዩ ትንሽ ይቀነሳል። ስለዚህ የተፋቀ ወይም በአሸዋ የተመታ ፊት ከተወለወለ ፊት የተሻለ ይውጣል። ግን ብዙ አይጠብቁ። ራቁቱን ያለ ብረት ቢሻክርም ጥቁር ልባስ ካለው ጋር አይወዳደርም።

ጎበዝ ሙቀት አስተላላፊ የሆነው ብረት ለምን በሩ ላይ ይመልሰዋል?

ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ይህ ነው። መዳብና አሉሚኒየም ሙቀት በማስተላለፍ የታወቁ ናቸው። ድስት የሚሠራባቸውም ለዚህ ነው። ጨረር በመመለስም የሚመሩት እነሱ ናቸው። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ሁለቱም ጠባይ ከአንድ ምንጭ ነው የሚቀዳው።

ብረት ውስጥ እንደ ልባቸው የሚዘዋወሩ ኤሌክትሮኖች አሉ። ሙቀትንም ኤሌክትሪክንም ከቦታ ቦታ የሚያመላልሱት እነሱ ናቸው። ጨረር ብረቱ ላይ ሲያርፍ እነዚሁ ኤሌክትሮኖች ከሞገዱ ጋር ይወዛወዛሉ። ሲወዛወዙም ያንኑ ሞገድ መልሰው ወደ ውጭ ይልኩታል። መስታወት የሚሆነውም በዚህ ነው። ኤሌክትሮኖቹ ይበልጥ ነጻ በሆኑ መጠን ብረቱ ይበልጥ ጎበዝ አስተላላፊ ይሆናል፤ ጎበዝ መላሽም እንዲሁ። ሙቀቱ አንዴ ከገባ እንደ መዳብ የሚያስኬደው የለም። ችግሩ መግባቱ ላይ ነው።

ቆዳው ላይ ሌላ ነገር ሲጋገር ነገሩ ይለወጣል። ኦክሳይድ (ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚለብሰው ቆዳ)፣ ኢናሜል (እንደ መስታወት ያለ ልባስ)፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ካርቦን፣ ሁሉም እንዲህ ያሉ ነጻ ኤሌክትሮኖች እንደ ብረት የላቸውም። ጨረሩን አይመልሱም፤ ይውጡታል። ከዋጡ በኋላ ከሥራቸው ላለው ብረት ያቀብሉታል።

«አሉሚኒየም እኮ ሁልጊዜ ኦክሳይድ ለብሶ ነው የሚኖረው» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ልክ ነው። አየር እንደነካው ወዲያው ይለብሳል። ልብሱ ግን ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው (1 ናኖሜትር የ1 ማይክሮሜትር አንድ ሺኛ ነው)። የምድጃው ጨረር የሞገድ ርዝመት 2,500 ናኖሜትር ነው። ለዚህ ሞገድ ያ ስስ ልብስ የለም ማለት ነው፤ አልፎት ይሄዳል። አኖዳይዝድ የሚባለው አሉሚኒየም ግን በኤሌክትሪክ ኃይል ሆን ተብሎ ወፍራም ኦክሳይድ የለበሰ ነው። ውፍረቱ ብዙ ማይክሮሜትር ይደርሳል። እሱ ከራቁቱ አሉሚኒየም የተሻለ ይውጣል። አዲስ ስቴንለስ ድስት ከመጠን በላይ ሲግል ቂጡ ላይ የሚታየው የቀስተ ደመና ቀለምም እንዲሁ ገና ስስ ኦክሳይድ ነው። ለዓይን ደማቅ ቢሆንም ለጨረሩ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም።

ታዲያ የብረቱ ዓይነት ምንም አይደለም?

ሙቀቱ ከምድጃ እስከ ውሃ ድረስ በሦስት በር ያልፋል እንበል። አንደኛው በር ከምድጃው ወደ ድስቱ ውጫዊ ቆዳ ነው። ሁለተኛው የብረቱ ውፍረት ነው። ሦስተኛው ከብረቱ ውስጠኛ ፊት ወደ ውሃው። ሰልፉ የሚፈጥነው በሰፊው በር ልክ አይደለም፤ በጠባቡ ልክ ነው።

በቁጥር እንየው። በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የድስት ቂጥ ላይ 5 ዋት ሙቀት ይገባል እንበል። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስቴንለስ ስቲል ይህን ለማሳለፍ በውጩና በውስጡ መካከል የ3 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ብቻ ይበቃዋል። 3 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ደግሞ 1 ዲግሪ እንኳ አይፈልግም። የፈላ ውሃም ሙቀት ለመቀበል ለጋስ ነው፤ ጥቂት ዲግሪ ይበቃዋል። ከቀላው ሴራሚክ እስከ ድስቱ ቆዳ ያለው ልዩነት ግን ከ700 ዲግሪ በላይ ነው።

ጠባቡ በር የትኛው እንደሆነ ታየ። ውጩ ነው። ስቴንለስ ሙቀት በማስተላለፍ ከአሉሚኒየም ከአሥር እጥፍ በላይ ያንሳል፤ ያም ሆኖ ውሃ ለማፍላት ሲሆን ይህ ድክመቱ ብዙም አያስቀረውም። ለውጥ የሚያመጣው የቂጡ ቆዳ ነው።

የብረቱ ዓይነት የሚታወቀው ሙቀቱን በማዳረስ ላይ ነው። ስስ ስቴንለስ መጥበሻ ላይ አንዱ ቦታ ሲያር ሌላው ጥሬ ይሆናል። አሉሚኒየም ሙቀቱን ወደ ጎን ቶሎ ያዳርሳል። ስለዚህ ለዚህ ምድጃ የሚመቸው ዕቃ ገላው አሉሚኒየም፣ ቂጡ ጥቁር የሆነ ነው። ጥቁሩ ይቀበላል፣ አሉሚኒየሙ ያከፋፍላል።

የኤሌክትሪክ ገበታ የለመደ ሰው ደግሞ ስለ ቂጡ ጠፍጣፋነት ይጨነቃል። እዚያ ላይ እውነት ነው፤ ቂጡ ከጎበጠ መነካካቱ ይቀንሳል። ጨረር ግን መነካካት አያስፈልገውም። ትንሽ የጎበጠ ድስት እዚህ ችግር የለበትም።

ጥቁር ሲባል ለዓይን ጥቁር ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ዓይናችን የሚፈርደው ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ባለው ጠባብ መስኮት ነው። የምድጃው ጨረር ከዚያ መስኮት ውጭ ነው ያለው። ስለዚህ ለዓይን ነጭ የሆነ ነገር ለጨረሩ ጥቁር ሊሆን ይችላል። በረዶ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለዓይን እንደ በረዶ ነጭ የለም፤ ቁሶች ሁሉ በተለመደው ሙቀታቸው በሚረጩት ረጅም ሞገድ ግን የመዋጥ ልኩ 0.98 ገደማ ነው። ከጥቀርሻ አያንስም! ነጭ ኢናሜል የተቀባ ድስትም በዚህ ምክንያት ለዓይን ከሚመስለው በላይ ይውጣል። ሸክላም እንዲሁ፤ ሳይጠቁር በፊትም ጎበዝ ዋጭ ነው።

ብረት ያለ ልባስ ሲሆን ግን ዓይን አያሳስትም። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ብረት ኢንፍራሬድ ላይ ጭራሽ የባሰ መስታወት ነው። ስለዚህ ዕቃ ሲመርጡ «ነጭ ነው ወይስ ጥቁር?» ከማለት «ራቁቱን ያለ ብረት ነው ወይስ የለበሰ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የለበሰ ሲባል በውጭ በኩል ነው። ምግብ እንዳይጣበቅ ውስጡ የተቀባ መጥበሻ ቂጡ ራቁቱን ሊሆን ይችላል። ገልብጠው ይዩት።

የጠቆረው በብዙ እጥፍ ከዋጠ ውሃውም በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይፈላል?

አይፈላም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሻጮችም ሲያጋንኑ የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው።

ጨረሩን ብቻ ነጥለን ካየን ልዩነቱ ትልቅ ነው። የመዋጥ ልኩ 0.9 የሆነ ቂጥና 0.1 የሆነ ቂጥ አንድ ዓይነት የጋለ ሴራሚክ ፊት ለፊት ቢቀመጡ፣ የጠቆረው የሚቀበለው ጨረር 8 እጥፍ ገደማ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ልዩነቱን ያጠቡታል።

አንደኛው ቀድመን ያልነው ነው። ጨረር የጉልበቱ ከፊል ብቻ ነው። ከመቶው 30ው ጨረር ነው ብንል፣ 70ው ትኩስ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ትኩስ ጋዝ ደግሞ ስለ ቀለም ደንታ የለውም። የሚያብረቀርቀውንም የጠቆረውንም እኩል ይዳስሳል።

ሁለተኛው ረቀቅ ይላል። ድስቱ የመለሰው ጨረር የት ይሄዳል? ብዙው ተመልሶ ሴራሚኩ ላይ ያርፋል። ሴራሚክ ጎበዝ ዋጭ ነው። ስለዚህ የራሱን ሙቀት ይውጥና የባሰ ይግላል። ሲግል ደግሞ የባሰ ይረጫል። የሚወጣውም ጋዝ ይበልጥ ይሞቃል። ከዚህ ሁሉ ከፊሉ በስተመጨረሻ ድስቱ ላይ ይደርሳል። ከፊሉ ግን በድስቱና በምድጃው መካከል ባለው ክፍተት ያመልጣል። ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሞቁ ሰዎችን ያሞቃል እንጂ ውሃ አያፈላም።

ልዩነቱ በሰዓት ሲለካ ይታያል፤ እጥፍ ድርብ ግን አይደለም። መጠኑ የሚወሰነው ምድጃው ጉልበቱን በጨረርና በትኩስ ጋዝ መካከል እንዴት እንደሚያካፍል ነው። በሰማያዊ ነበልባል ምድጃ ላይ ያንኑ ሁለት ድስት ቢያወዳድሩ ልዩነቱ በጣም ያንሳል፤ እዚያ ጨረር ድርሻው ትንሽ ነዋ።

የሚመለሰው ጨረር ሌላም ጣጣ አለው። ሴራሚኩ ከታሰበለት በላይ ከጋለ ከሥሩ ያለው ያልነደደ ድብልቅ ሊቀጣጠል ይችላል። ያኔ እሳቱ በቀዳዳዎቹ ወደ ኋላ ይገባል። ፏ የሚል ድምፅ ከምድጃው ሆድ ከሰሙ ወዲያው ጋዙን ይዝጉ።

እንግዲያው ጥቀርሻውን ልተወው?

ይህን ከማወቄ በፊት ልፋ ቢለኝ የድስት ቂጥ በሽቦ ስፈትግ ኖሬአለሁ። አሁን ዘና ብያለሁ። ግን ጥቁር ሁሉ አንድ አይደለም።

ስስና የተጣበቀ ጥቁረት ጥሩ ነው። ጨረሩን ይውጣል፣ ሙቀቱን ለማሳለፍም እንቅፋት አይሆንም። ጥቀርሻ ራሱ ሙቀት በማስተላለፍ ደካማ ነው፤ ስስ እስከሆነ ድረስ ግን ጉዳቱ አይታይም። የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ቢሆን የቂጡን ቆዳ በጥቂት አሥር ዲግሪዎች ቢያሞቀው ነው። 900 ዲግሪ ከሚረጭ ምድጃ አንጻር ይህ ምንም ማለት አይደለም።

ወፍራሙና የሚፈረፈረው ቅርፊት ሌላ ነው። እሱ እንደ ብርድ ልብስ ይሆናል። ራሱ ይግላል፣ ሙቀቱን ግን ወደ ብረቱ አያደርሰውም። ሲፈረፈርም ሴራሚኩ ላይ ይወድቅና ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። የተደፈነ ምድጃ በደንብ አያነድም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ይገድላል። ስለዚህ የሚፈረፈረውን ያራግፉት፣ ተጣብቆ የቀረውን ይተዉት።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ይህ ምድጃ በደንብ ከሠራ ራሱ ጥቀርሻ አያወጣም። በዚህ ምድጃ ላይ ድስት እየጠቆረ ከመጣ አየሩ አንሷል፣ ወይም ቀዳዳው ተደፍኗል ማለት ነው። ለድስቱ ጥሩ ቢመስልም ለቤቱ ሰው ጥሩ ምልክት አይደለም።

ቂጡን ቀለም ልቀባውስ? ለምድጃ ተብሎ የተሠራ፣ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ጥቁር ቀለም አለ። ተራ ቀለም ግን ይቃጠላል፣ ይጨሳል፤ ባይሞክሩት ይሻላል።

ጎኑና ክዳኑስ?

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጎበዝ ዋጭ ጎበዝ ረጪም ነው ብለናል። ቂጡ ወደ ምድጃው ስለሚያይ መዋጥ አለበት። ጎኑ ግን ወደ ቤቱ ነው የሚያየው። ጎኑ ጥቁር ከሆነ ሙቀቱን ለቤቱ ይረጫል።

ብዛቱ ግን ያን ያህል አይደለም። 100 ዲግሪ የሆነ ጥቁር ጎን በካሬ ሜትር ወደ 700 ዋት ገደማ በጨረር ያጣል። የመካከለኛ ድስት ጎን የካሬ ሜትር አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው፤ 70 ዋት ገደማ። ምድጃው በኪሎ ዋት በሚሠራበት ጊዜ ይህ አያሳስብም። እሳቱ ተቀንሶ ቀስ እያለ ሲበስል ግን ይታወቃል። ከእሳት ወርዶ እንዲቆይ ለሚፈለግ ዕቃ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ጎን ይመረጣል። የፍላስክ ውስጡ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ክዳን ስለ ቀለሙ አይጨነቁ፤ መኖሩ ብቻ ከቀለሙ በላይ ይጠቅማል።

ስፋቱና ርቀቱ

ጨረር ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ከድስቱ ቂጥ ውጭ ያለፈው ጠፋ። ስለዚህ የቂጡ ስፋት ቢያንስ ከቀላው ክብ ጋር እኩል ይሁን። ድስቱ ከምድጃው በራቀ ቁጥርም በጎን የሚያመልጠው ይበዛል። ይሁን እንጂ አስጠግቼ ልደፍነው አይባልም። የነደደው ጋዝ መውጫ ይፈልጋል። የምድጃውን እግር ማሳጠር ወይም ዙሪያውን በፎይል መጠቅለል ጋዝ መቆጠብ ይመስላል፤ የሚያመጣው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ጋዙ እዚያው ጎኑ ላይ በሚሰካ ተንቀሳቃሽ ምድጃ ላይ ደግሞ ከመጠን በላይ ሰፊ ዕቃ መጣድ ጭራሽ አደገኛ ነው። ዕቃው ሙቀቱን ወደ ጋዝ ጣሳው ይመልሰዋል፣ ጣሳው ሊፈነዳ ይችላል።

ባዶ ዕቃም አይጣድ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ምድጃው 900 ነው። ውሃ እስካለ ድረስ ውሃው ሙቀቱን እየወሰደ ያድነዋል፤ ከሌለ ጎበዝ ዋጭ የሆነው ጥቁር ቂጥ ቀድሞ ይጎዳል። እንዳይጣበቅ የተቀባ መጥበሻ ከሆነ 260 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ልባሱ መበላሸት ይጀምራል።

ራሴ ልሞክረው ብልስ?

ቀላል ነው። መጠናቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ድስቶች ይያዙ፤ አንዱ የሚያብረቀርቅ፣ አንዱ የጠቆረ። ምድጃው መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ ይንደድ፤ ቀዝቃዛ ሴራሚክ ለመጀመሪያው ድስት አድልዎ ያደርጋል። ከዚያ በእያንዳንዳቸው 1 ሊትር ውሃ፣ ክዳን ተከድኖ፣ ከ20 እስከ 90 ዲግሪ የሚወስደውን ጊዜ ይያዙ። የጋዙን ማብሪያ አይንኩት። አንዴ ከጨረሱ ተራውን ገልብጠው ይድገሙት።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሙቀት ወደ 293 ኪሎ ጁል ነው። ምንም ሳይባክን ሁሉም ውሃው ውስጥ ቢገባ 6 ግራም ተኩል ገደማ የሲሊንደር ጋዝ ይበቃ ነበር። ግማሹ ቢገባ 13 ግራም ይፈጃል። ይህን በቤት ሚዛን ላይ ለመለየት ሲሊንደሩ ከባድ ነው፤ ለዚህ ነው ሰዓት የሚሻለው።

ሙቀቱን የሚለኩት ግን ውሃው ውስጥ በሚገባ ቴርሞሜትር ይሁን። እንደ ሽጉጥ የሚያነጣጥሩት ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር እዚህ ያሳስታል። እሱም የሚያነበው ጨረር ነው። ብዙዎቹ የሚያዩት ነገር ሁሉ 0.95 የመዋጥ ልክ አለው ብለው ነው የሚያሰሉት። የጠቆረው ድስት ላይ ልክ ይናገራል። ውሃ እየፈላበት ያለ የሚያብረቀርቅ ድስት ጎን ላይ ቢያነጣጥሩት ግን እጅ የማያቃጥል ሙቀት ሊያሳይዎ ይችላል። አምነው እንዳይነኩት። እዚያ ላይ መሣሪያው በአብዛኛው የሚያነበው የድስቱን ሙቀት አይደለም፤ ድስቱ ላይ ተንጸባርቆ የመጣውን የግድግዳውን፣ የጣሪያውንና የእርስዎን የራስዎን ፊት ነው።